ምስሉና ሕመሙ ሲለያዩ፦ ስለ ነርቭ መጫን ምርመራ ከጎንደር የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ ዶክተር፣ እናቴ ወገቧን አሟት ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሣ የሰውነት ውስጥ ምስል) ተነሣች፤ ውጤቱ «ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) ወጥቶ ነርቭ ነክቷል» ይላል። ሕመሟ የመጣው ከዚያ ነው ብለን እንመን?

መልስ፦ በምስሉ ብቻ አይመኑ። ኤምአርአይ ቅርጽን እንጂ የነርቩን መታመም በቀጥታ አያሳይም። ምንም ሕመም በማይሰማቸው ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እ.ኤ.አ. በ2015 ተጠቃልለው ሲታዩ፣ በ20 ዓመት ዕድሜ ከመቶ 30 ያህሉ፣ በ80 ዓመት ደግሞ ከመቶ 84 ያህሉ የዲስክ ማበጥ ተገኝቶባቸዋል። የእናትዎ ሕመም በአንድ በኩል በባቷ ጎን ወርዶ እስከ እግሯ አውራ ጣት የሚደርስ፣ ጣቷን ወደ ላይ ማንሣትም የሚያዳግታት ከሆነ፣ የሚጠረጠረው አምስተኛው የወገብ ነርቭ ነው፤ ምስሉም ያንኑ ነርቭ በዚያው ጎን ተጭኖ ካሳየ፣ ያን ጊዜ ምክንያቱ ተገኝቷል ለማለት ያስደፍራል።

ጥያቄ (የሕክምና ተማሪ)፦ በሽተኛውን በጀርባው አስተኝቶ እግሩን ቀጥ አድርጎ የማንሣት ምርመራ ዛሬም ይታመናል?

መልስ፦ ይታመናል፣ በወሰኑ። የዲስክ መውጣት ያለበትን ሰው ብዙ ጊዜ አያልፈውም፤ ነገር ግን የሌለበትንም ብዙ ሰው ያሳምማል። ጤነኛው እግር ሲነሣ የታመመው እግር ካመመ ግን፣ ምልክቱ የሚገኘው በጥቂቶች ላይ ቢሆንም ጠንካራ ማስረጃ ነው።

ጥያቄ፦ የነርቭና የጡንቻ ኤሌክትሪክ ምርመራስ?

መልስ፦ ነርቩ ከተጎዳ በኋላ ጡንቻው ላይ ለውጡ እስኪታይ ሦስት ሳምንት ያህል ስለሚወስድ፣ ቀድሞ የተደረገ ምርመራ ደኅና ቢልም በሽታው የለም ማለት አይደለም።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ ታዲያ ወደፊት የሚሻለው መሣሪያ ምን ዓይነት ነው?

መልስ፦ ተመራማሪዎች ውኃ በነርቩ ክሮች ርዝመት እንዴት እንደሚንቀሳቀስ የሚለካ የኤምአርአይ ስልት እያጠኑ ነው፤ የተጫነ ነርቭ ይህን ሥርዓት ያዛባልና። ሆኖም ነርቩ ቀጭን ነው፤ ትንፋሽና የአከርካሪ ፈሳሽ ምት ምስሉን ያደበዝዙታል፤ ልኬቱም ከመሣሪያ መሣሪያ ይለያያል። በእኔ እምነት ለእኛ አካባቢ ቶሎ የሚደርሰው ጥቅም የጡንቻን ኃይል በቁጥር ከሚለካ አነስተኛ የእጅ መሣሪያ ነው። ዛሬ ኃይልን የምንመዝነው በእጃችን እየገፋን ከ0 እስከ 5 (ሙሉ ኃይል) ነጥብ በመስጠት ሲሆን፣ ዕድሜውን በደባርቅ ዳገት ሲወጣና ሲወርድ የኖረ ገበሬ ከኃይሉ ብዙ አጥቶም የሐኪሙን እጅ ስለሚያሸንፍ 5 ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። ይህ እጅግ ያሳስበኛል። መሣሪያው እስኪገኝ በሽተኛውን በተረከዙ ማስኬድ፣ በአንድ እግሩ ጣቶችም ደጋግሞ እንዲነሣ ማድረግ ድካሙን ከእጅ ግፊት ይልቅ ያጋልጣል።

ጥያቄ፦ ምርመራ መጠበቅ የማይገባው መቼ ነው?

መልስ፦ ሽንት አልወጣ ሲል ወይም ሳይታወቅ ሲያመልጥ፣ መቀመጫና ብልት አካባቢ ሲደነዝዝ፣ ሁለቱም እግሮች ሲዝሉ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። የወገብ ሕመም ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣም የአከርካሪ ቲቢ መኖር አለመኖሩ ሳይዘገይ ይመርመር፤ አጥንቱን ሲያፈርስ ኅብለ ሰረሰርን ይጫናልና።