ጥያቄና መልስ፦ ጦር የተባሉ እናቶች፣ ሉል የተባሉ ልጆች

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ጀርመን ሴቶች ስም ናቸው። ዛሬ አንድ ላይ ልመልሳቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከሽቱትጋርት)፦ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። ገርትሩድ፣ ሄድቪግ፣ ሂልደጋርድ የሚባሉ እናቶች አሉ። ትርጉሙን ሳይ ሁሉም ጦርነት ሆነብኝ። ለሴት ልጁ እንዲህ ያለ ስም የሚያወጣ ምን ዓይነት ወላጅ ነው?

መልስ፦ አልተሳሳትሽም። "ገር" ጦር ነው፣ ያ የሚወረወረው። "ትሩድ" ኃይል ነው። ሄድቪግ ደግሞ ባሰባት፤ "ሃዱ"ም ውጊያ፣ "ቪግ"ም ውጊያ። ሂልደጋርድ ውስጥ ያለው "ሂልድ" አሁንም ውጊያ ነው፣ "ጋርድ" ቅጥር። ማቲልዴም ከዚያው ሰፈር ናት፦ ኃይልና ውጊያ።

ችግሩ እኛ ስምን እንደ ዓረፍተ ነገር ማንበባችን ነው። ድንቅነሽ ስንል ልጅቷን "አንቺ ድንቅ ነሽ" እያልናት ነው። የጥንት ጀርመኖች ግን ሁለት ቃል ነበር የሚያጋጥሙት፤ ብዙ ጊዜ አንዱን ከአባት ወገን ስም፣ ሌላውን ከእናት ወገን ቆርሰው። ስሙ የማን ዘር እንደሆነች ይናገር እንጂ ቃላቱ ተጋጥመው ትርጉም ይስጡ አይስጡ ብዙም አያስጨንቃቸውም። ስለዚህ ሄድቪግ ውስጥ ምርቃትም እርግማንም አትፈልጊ።

ደግሞ ስም ሌላ፣ ኑሮ ሌላ። የቢንገኗ ሂልደጋርድ (1098–1179) መነኩሲት ነበረች። ዜማ ደርሳለች፣ ስለ ዕፅዋት መድኃኒትነት ጽፋለች። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ2012 ከታላላቅ መምህራኗ ተራ አስገብታታለች። በስሟ ውስጥ ውጊያ ያለባት ሴት ዕድሜዋን ገዳም ጨረሰችው!

ጥያቄ (ከበርሊን)፦ የሥራ ባልደረባዬ ማርጋሬተ ናት። እናቷ ግን ግሬትሸን ትላታለች። ሁለት ስም ነው?

መልስ፦ አንድ ነው። ማርጋሬተ ከግሪክ የመጣ ስም ነው፤ ሉል ማለት ነው። ሲያጥር ግሬተ ይሆናል። "ሸን" የኛ "ዬ" ናት፦ አልማዝን አልማዝዬ እንደምንለው። እንዲሁ ሻርሎተ ሎተ፣ ካታሪና ኬተ፣ አደልሃይድ ሃይዲ ይሆናሉ። አንድ ጉድ ልጨምርልህ፤ "ሸን" የገባበት ቃል በሰዋስዋቸው ወንድም ሴትም አይደለም። ልጃገረድ የሚለው "ሜድሸን" ራሱ ሴት ጾታ የለውም።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ መርሴዲስ የጀርመን ሴት ስም ነው ብዬ ከጓደኛዬ ጋር ተወራርጃለሁ። በላሁ ወይስ ተበላሁ?

መልስ፦ ግማሽ በግማሽ። የሴት ስም መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ስፓኒሽ ነው። ኤሚል ዬሊኔክ የሚባል ነጋዴ የዳይምለርን መኪኖች ይሸጥ ነበር። ልጁን መርሴዲስ ብሎ ይጠራታል፤ መኪኖቹንም በእሷ ስም ሰየማቸው። ዳይምለር በ1902 ስሙን የንግድ ምልክት አድርጎ አስመዘገበው። ስሙ የመጣው "የምሕረት እመቤት" ከሚለው የማርያም መጠሪያ ነው። እኛ ዘንድ ብትወለድ ኪዳነ ምሕረት ትባል ነበር ማለት ነው። ውርርዱን ለሁለት ተካፈሉት።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ ሴት ልጅ እየጠበቅን ነው። እዚህም እዚያም የማይጣመም ስም ንገረን።

መልስ፦ እንኳን ደስ አላችሁ! ሐና አንደኛ ናት፤ ጀርመኖችም በጣም ይወዷታል። ማርታና ኤልሳቤጥም አያስቸግሩም። ሳራ የነሱም ስም ናት፣ ግን በአናባቢ ፊት ያለውን "ስ" እንደ "ዝ" ስለሚያነቡት "ዛራ" ይሏታል። ሰላምም "ዜላም" ብትባል አትደንግጡ። የሰላምን ትርጉም በነሱ ቋንቋ ከፈለጋችሁ ፍሪዳ አለችላችሁ። ጽዮን ደግሞ ዕድለኛ ናት። የላቲኑን "ዜድ" እነሱ "ጸት" ብለው ነው የሚጠሩት፣ ድምፁም ለ"ጽ" ቅርብ ነው። በእሱ ጻፉላት።

ሰላም የወንድም የሴትም ስም ናት ብሎ የክብር መዝገብ ሹሙ ያስቸግረን ይሆን ብላችሁ አትስጉ። የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ2008 ስም ጾታን መለየት ግዴታው አይደለም ብሎ ወስኗል።

ወይንሸት ካላችሁ "ቫይንሸት" ብለው ያነቧታል። እሱም ክፉ አይደለም። በጀርመንኛ "ቫይን" ያው ወይን ነው።