ስለ ቀይ ግዙፍ ከዋክብት ያልተለመደ ይዘት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ማንም ያልደረሰበት ኮከብ ከምን እንደተሠራ በምን ይታወቃል?

መልስ፦ በብርሃኑ ነው። ብርሃኑ እንደ ቀስተ ደመና ሲዘረጋ በመካከሉ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ይታያሉ፤ እያንዳንዱ ንጥረ ነገርም የራሱ መስመሮች አሉት።

ጥያቄ፦ ያልተለመደ የሚባለው ምን ሲገኝ ነው?

መልስ፦ እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ቴክኒሺየም ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ፖል ሜሪል በ1952 እ.ኤ.አ. እንደ አር አንድሮሜዳ ባሉ ቀይ ግዙፍ ከዋክብት፣ ማለትም አርጅተው በተነፉ ከዋክብት፣ ብርሃን ውስጥ የዚህን ንጥረ ነገር መስመሮች ማግኘቱን አሳወቀ። ቴክኒሺየም ሳይፈርስ የሚቆይ ዓይነት የለውም፤ በእነዚህ ከዋክብት ውስጥ የሚሠራው ቴክኒሺየም 99 በ211 ሺህ ዓመት ገደማ ግማሹ ይፈርሳል። የኮከቡ ዕድሜ ግን ከዚህ እጅግ የሚበልጥ በመሆኑ፣ ሲወለድ ይዞት መጥቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በገጹ ላይ ምንም ባልተረፈ ነበር። እዚያው ውስጡ በቅርቡ ተሠርቶ ወጥቷል ማለት ነው። ከዋክብት ንጥረ ነገር እንደሚሠሩ ከዚህ የበለጠ ቀጥተኛ ማስረጃ አላውቅም።

ጥያቄ፦ እንዴት ይሠራል? ማንስ ያወጣዋል?

መልስ፦ በኮከቡ ጥልቅ ውስጥ የሚለቀቁ ኒውትሮኖች (የኤሌክትሪክ ሙል የሌላቸው የአቶም ቅንጣቶች) እንደ ብረት ባሉ አቶሞች እምብርት ላይ አንድ በአንድ፣ በዝግታ እየተጨመሩ ዚርኮኒየም፣ ቴክኒሺየም፣ ባሪየም እያሉ ወደ ከባዱ ይሻገራሉ። የሚያወጣው የጋዙ መገላበጥ ነው፤ ሽሮ ሲንተከተክ ከድስቱ ሥር ያለው ወደ ላይ እንደሚመጣው ሁሉ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ባሪየምን ራሳቸው ለመሥራት የሚያበቃ የእርጅና ደረጃ ላይ ሳይደርሱ ባሪየም የበዛባቸው ከዋክብትስ?

መልስ፦ በ1951 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ቢደልማንና ኪናን የለዩአቸው የባሪየም ከዋክብት እነዚህ ናቸው፤ ቴክኒሺየም ግን አይታይባቸውም። በ1980ዎቹ በማክሉር የሚመራ ቡድን ፍጥነታቸውን ለዓመታት ሲለካ፣ ከማይታይ ጓደኛ ጋር እንደሚዞሩ ታወቀ። ጓደኛው ቀድሞ አርጅቶ፣ የሠራውን ባሪየም ከጋዙ ጋር አፍስሶባቸው፣ ዛሬ ነጭ ድንክ ኮከብ፣ ማለትም ትንሽና ጥቅጥቅ ያለ የኮከብ ቅሪት፣ ሆኗል። አብሮ የመጣው ቴክኒሺየም ከዚያ ወዲህ ፈርሶ አልቋል። ስለዚህ ባሪየም የበዛበት ኮከብ ሲገጥመን መጀመሪያ የምንፈልገው ቴክኒሺየምን ነው፤ ካለ ራሱ ሠርቶታል፣ ከሌለ ከሌላ ተቀብሎታል ብለን እንጠረጥራለን።

ጥያቄ፦ ሊቲየምስ?

መልስ፦ ሊቲየም 2.5 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ስለሚጠፋ በቀይ ግዙፍ ኮከብ ገጽ ላይ ጥቂት ብቻ ይጠበቃል፤ ሆኖም ከመቶው አንድ ያህሉ በብዛት ይዞ ይገኛል። ተመራማሪዎቹ ካሜሮንና ፋውለር በ1971 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ሐሳብ መሠረት፣ በሙቁ ክፍል የተሠራ ቤሪሊየም 7 በፍጥነት ወደ ቀዝቃዛው ገጽ ከተወሰደ እዚያ ወደ ሊቲየም ይለወጣል። የቤሪሊየም 7 ግማሽ ዕድሜ (ግማሹ የሚለወጥበት ጊዜ) 53 ቀን ብቻ ነውና ጉዞው መዘግየት የለበትም።