ቢጫው እንጨት አልታመመም፣ ፀሐይ ነው የሰነጠቀው

ከመቂ አካባቢ የመጣ ጥያቄ ነው፦ «ጓሮዬ ያለውን ትልቅ ዛፍ ቆርጬ እንጨት በማሽን እያሽከረከረ ሳህን ለሚቀርጸው ቶርኖ ቤት ልሸጠው ነበር፣ አንዱ እንጆሪ ነው ይላል ሌላው ሾላ፣ ፍሬ እንኳን አፍርቶ አያውቅም። ሲቆረጥ ቢጫ ነበር አሁን ጠቆረ፣ ተሰነጠቀም፣ በሽታ ነው ወይ?»

ወንድሜ፣ እንጆሪ ነው፣ ያ የሐር ትል ቅጠሉን የሚበላው። ሲቆረጥ ቢጫ ነበር ያልከው ነው የነገረኝ፣ የሾላ እንጨት ነጣ ያለና ቀላል ነው እንጂ እንደዛ ቢጫ አይሆንም። ነጭ ወተቱን አይተህ አትለይ ሁለቱም አላቸው። ማረጋገጥ ከፈለክ ከጉቶው የሚወጣውን ቡቃያ እይ፣ እዛው አንድ ቅርንጫፍ ላይ አንዱ ቅጠል ሙሉ ሌላው በጥልቁ የተሸነሸነ ከሆነ፣ ዳር ዳሩም ጥርስ ካለው አለቀ። ፍሬ አለማፍራቱ አይግረምህ ወንድ ዛፍ አለ። መጥቆሩም በሽታ አይደለም፣ ቢጫው ብርሃንና አየር ሲያገኘው ቡናማ ይሆናል፣ ቶርኖ ሰሪዎች የሚወዱትም ይሄንኑ ከለር ነው።

ስንጥቁ ግን ሌላ ነገር ነው። መቼ እንደቆረጥከው አልነገርከኝም ግን በበጋ ቆርጠህ ድብልብሉን ግንድ ቶሎ ይድረቅ ብለህ ፀሐይ ላይ ያጋደምከው ይመስለኛል። ይሄን ነገር በየሄድኩበት አያለሁ በጣም ነው የሚያሳዝነኝ፣ ስንት አመት ያደገ ዛፍ በሳምንታት ማገዶ ይሆናል! የግንዱ ጫፍና ጫፍ ከመሀሉ ቀድሞ ይደርቃል፣ ዙሪያው ሲኮማተር እምብርቱ አይለቀውም፣ ስለዚ ይተረተራል።

መድሃኒቱ ሰም ነው። የራስህ ቀፎ ካለ ሰሙን አቅልጠህ ከሌለህ ሻማ አቅልጠህ፣ በተቆረጠበት ቀን ሁለቱንም ጫፍ ወፈር አርገህ ቀባው፣ የተረፈ የዘይት ቀለምም ይሆናል፣ ጎን ጎኑን ግን አትቀባ እርጥበቱ በዛ ቀስ ብሎ ይውጣ። ከዛ በሽብልቅ እምብርቱ ላይ ለሁለት ሰንጥቀው፣ አንተ ካልሰነጠከው ራሱ ይሰነጠቃል፣ ከመሬት ከፍ አርገህ ጥላ ውስጥ ደርድረው። አሁን የተሰነጠቀውንም አትጣለው፣ ስንጥቁ እስከሚያልቅበት ድረስ ከጫፉ ቁረጥና አዲሱን ጫፍ ዛሬውኑ ቀባው። ቶርኖ ሰሪው እርጥቡን ከወሰደው ደግሞ ጎድጓዳ ሳህኑን መጀመሪያ በወፍራሙ ያውጣው፣ 30 ሳንቲም ስፋት ካለው ግድግዳው 3 ሳንቲም ይሁን፣ ከራሱ ሰጋቱራ ጋር ጆንያ ውስጥ ወራት አቆይቶ ሲደርቅ ይጨርሰው።

ጉቶውን ደግሞ አደራ እንዳትነቅለው፣ እንጆሪ ከጉቶ ደህና አርጎ ያቆጠቁጣል፣ ቅጠሉም ፕሮቲን ያለው መኖ ነው። ቡቃያው እስኪጠነክር ብቻ ፍየሎቹን አርቅልኝ፣ ከዛ በኋላ እያጨድክ ስጣቸው።