ደፋር ወይስ ችኩል?

ጥያቄ፦ የ20 ዓመቱ ልጄ ሞተር ብስክሌት ላይ ሲወጣ ነፍሱን አይሳሳላትም፤ ገንዘቡን ግን በእጅጉ ይቆጥባል። ደፋር ልበለው ወይስ ጠንቃቃ?

መልስ፦ ሁለቱንም ቢሉት አይሳሳቱም። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ኤልክ ዌበርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት መለኪያ የገንዘብን፣ የጤናንና የደኅንነትን፣ የመዝናኛን፣ የሥነ ምግባርንና የማኅበራዊ ኑሮን አደጋ ለየብቻ የጠየቁት፣ በአንዱ መስክ የሚደፍር ሰው በሌላው ቁጥብ ሊሆን ስለሚችል ነው።

ጥያቄ፦ ድፍረትና ችኩልነት ያው አይደሉም ወይ?

መልስ፦ አይደሉም፤ ወላጆችም መምህራንም አብዝተን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የሥነ ልቦና ባለሙያው ማርቪን ዙከርማን ለረጅም ዓመታት ያጠናው ባሕርይ አዲስ፣ ልዩ ልዩና ብርቱ ስሜት የሚሰጥ ነገርን መፈለግ ሲሆን፣ ይህ ባሕርይ ያለው ወጣት ገመዱን ደጋግሞ ፈትሾ፣ የአየሩን ሁኔታ ጠይቆ ገደል ሊወጣ ይችላል። ተመራማሪዎቹ ዋይትሳይድና ሊናም እ.ኤ.አ. በ2001 ችኩልነት የሚባለውን ሲመረምሩ ግን ከዚህ የስሜት ፍለጋ ሌላ ሦስት ነገሮችን ለይተዋል፦ ሳያስቡ መጀመርን፣ የጀመሩትን አለመፈጸምንና በተናደዱ ወይም በተከፉ ሰዓት ስሜትን ለማስታገስ ሲሉ መጣደፍን። እኔ ይበልጥ የምፈራው የመጨረሻውን ነው፤ ከጠብ ወጥቶ የመኪና መሪ የሚጨብጠው ወይም የተበላውን ለማስመለስ ቁማሩን በእጥፍ የሚያሲዘው ወጣት ደስታ እየፈለገ አይደለምና። ብርቱ ስሜት ፈላጊውን ወጣት መከልከል ብዙም አይጠቅምም፤ ብርቱ ስሜት የሚያገኝበትን፣ ጥንቃቄ ያልተለየውን መንገድ ማሳየት ይሻላል። ተናዶ ለሚጣደፈው የሚያስፈልገው ንዴቱ እስኪበርድ ውሳኔውን ማቆየት ነው፤ ምክሩም ንዴቱ ሳይመጣ በፊት ሊነገረው ይገባል።

ጥያቄ፦ 19 ዓመቴ ነው። ብቻዬን ስነዳ እረጋለሁ፣ ጓደኞቼ መኪናው ውስጥ ካሉ ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ። ባሕርዬ የትኛው ነው?

መልስ፦ ተመራማሪዎቹ ጋርድነርና ስታይንበርግ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት 306 ሰዎችን በኮምፒውተር የመኪና ጨዋታ ፈትነው ነበር፤ እኩዮች አጠገባቸው ሲሆኑ ተፈታኞቹ ይበልጥ አደጋ ደፍረዋል፣ ጭማሪውም 24 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ይልቅ በታናናሾቹ ላይ ጎልቷል። ስለዚህ ባሕርይህን ከመውቀስህ በፊት ማን አጠገብህ እንደተቀመጠ ተመልከት።

ጥያቄ፦ በስልኬ የሞላሁት መጠይቅ «አደጋ ወዳድ» አለኝ። ልመነው?

መልስ፦ መጠይቁ ስለ ራስሽ የምታስቢውን ይነግርሻል እንጂ በጭንቅ ሰዓት የምታደርጊውን በእርግጠኝነት አይተነብይም። በመጠይቅ የሚገኘው ውጤት፣ እየነፉ ሳይፈነዳ ማቆምን እንደሚጠይቀው የፊኛ ጨዋታ ካሉ ፈተናዎች ጋር እንኳ የሚስማማው በጥቂቱ ነው።