የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ዳገት፣ ደራሽ ጎርፍና የመሬት መንቀጥቀጥ በወሎ

በወሎ «አደጋ» ሲባል በዕድሜ የገፋ ሰው ቀድሞ የሚያስታውሰው የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ረሃብን ነው። በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ግን ስለ ዝናብ እጦት ሳይሆን ዝናብ ሲበዛ ስለሚመጣው ጉዳት ነው። ሦስት ጥያቄዎችን መርጠናል፤ የመጀመሪያው ሰፊ መልስ ስለሚሻ አብዛኛውን ቦታ ወስዷል።

ጥያቄ፦ ቤታችን በኩታበር ወረዳ ዳገት ላይ ነው። ባለቤቴ ማድቤት ለመሥራት ከቤቱ ጀርባ ያለውን አፈር ቆርጦ ደለደለው። ባለፈው ነሐሴ ከቤቱ በላይ ባለው ማሳ ላይ እንደ ማጭድ የጎበጠ ስንጥቅ ታየ፤ የጓዳው በርም አልገጥም ብሏል። ጎረቤቶቻችን «መሬት በጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ይገጥማል፤ ምን አዲስ ነገር አለ?» ይሉናል። እውነታቸውን ነው? *አንዲት እናት፣ ከኩታበር*

መልስ፦ ጎረቤቶችዎ የተናገሩት ስለ ዋልካ አፈር ከሆነ ትክክል ነው። ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ አብጦ ይገጥማል። የእርስዎ ማሳ ያደረገው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው፤ የተሰነጠቀው ዝናብ በጠገበበት በነሐሴ ነው። በዝናብ ወቅት የሚከፈት፣ ቅርጹም የጎበጠ ስንጥቅ ከሥሩ ያለው አፈር ወደ ታች መንሸራተት ለመጀመሩ ምልክት ነው፤ የጓዳው በር አለመግጠምም የቤቱ መሠረት አብሮ ለመንቀሳቀሱ ሌላ ምስክር ነው። በደሴና በዙሪያዋ ባሉት ዳገቶች ከላይ የሚገኘው ከተራራው እየተንከባለለ የተከማቸ ልል አፈርና ድንጋይ በመሆኑ፣ ውሃ ሲሰርግበት ክብደቱ ይጨምራል፣ ከሥሩ ካለው መሬት ጋር ያለው መያያዝም ይላላል። ባለቤትዎ ለማድቤቱ የቆረጡት አፈር ደግሞ ዳገቱ የተደገፈበት እግር ነበር። ይህን የምንለው ለወቀሳ አይደለም፤ ዳገት ላይ የሚኖር ሰው ደልዳላ ቦታ የሚያገኘው በዚሁ መንገድ ነውና። ከእንግዲህ ግን አንድ አካፋ እንኳ አይቆረጥ።

ስንጥቁን በዓይን ግምት አይከታተሉት። ከስንጥቁ በላይና በታች አንድ አንድ ችካል አጥብቀው ይምቱ፣ በመካከላቸው ያለውንም ርቀት በቀጭን ዘንግ ለክተው ዘንጉ ላይ በቢላ ምልክት ያድርጉ፤ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ በገበያ ቀን፣ ከባድ ዝናብ ባደረ ማግስት ደግሞ ሳይውል ሳያድር ይለኩ። ርቀቱ ከምልክቱ አልፎ የጣት ስፋት ያህል እንኳ ከጨመረ፣ ከዚያች ዕለት ጀምሮ በዚያ ቤት ማደር የለባችሁም። ዘንጉንም ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ያሳዩት፤ በቃል ከሚነገር ስጋት ይልቅ ቢላ የቆረጠው ምልክት ቶሎ ይታመናል።

በጋው ሳያልፍ ስንጥቁን በጭቃ አፈር ሞልተው ይደልድሉት፣ ከእርሱም በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈር። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። በየዓመቱ በተፋሰስ ዘመቻ የምንቆፍረው ወለሉ ዝርግ የሆነው ቦይ ውሃውን አቁሞ መሬት ውስጥ የሚያሰርግ ነው፤ ለደረቀ ምንጭና ለተራቆተ ተራራ ይጠቅማል፣ መንሸራተት ከጀመረ ዳገት በላይ ከተቆፈረ ግን ይጎዳል። ለእናንተ የሚያስፈልገው ውሃውን ሳያቆም ወደ ጎን እየመራ ወደ ተፈጥሮ ወራጅ የሚያደርስ፣ ረጋ ያለ ዝንባሌ ያለው ቦይ ነው። ውሃው የማንን ማሳ እንደሚያቋርጥ አስቀድሞ ካልተነጋገሩበት ጠብ ያመጣልና፣ ጉዳዩን በቅሬያችሁ (በዕድራችሁ) ፊት ጨርሱት፤ ቅሬ የተቋቋመው ለቀብር ነው ብሎ የሚከራከር ቢኖር፣ ከቀብር በፊት መሰብሰብ የተሻለ መሆኑን ንገሩልን።

የነበረ ምንጭ በድንገት ከደፈረሰ፣ ወይም ምንጭ ባልነበረበት ቦታ ውሃ ከፈለቀ፣ ዛፍ ካዘነበለ፣ ከመሬት ሥር የማጉረምረም ድምፅ ከተሰማ ዕቃ ለማውጣት ሳትሉ ውጡ። ሽሽታችሁም ወደ ታች ሳይሆን ከሚንሸራተተው መሬት ወደ ጎን ይሁን። መጀመሪያ የተናደው ጸጥ ሲል ወዲያው ወደ ቦታው መመለስም አደገኛ ነው፤ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ከሞቱት ከ200 በላይ ሰዎች ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ የወረደባቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ አባቴ ቆቦ ሜዳ ላይ ማሽላ ያመርታል፣ እህሉንም በጉድጓድ ያስቀምጣል። ከምዕራቡ ደጋ የሚወርደው ደራሽ ጎርፍ ግን እኛ ጋ ጠብታ ሳይዘንብ ይደርሳል። ቤተሰቡ ምን ይያዝ? *ተማሪ፣ ከቆቦ*

መልስ፦ ሰማዩን ከራሳችሁ በላይ ሳይሆን ከተራራው በላይ ተመልከቱ፤ በላይኛው ቀበሌ የሚኖር ዘመድ ስልክ ከደወለላችሁ ከማንኛውም ትንበያ ቀድሞ ይደርሳችኋል። የሚፈስ ጎርፍ ከጉልበት በታች ቢሆንም ሰውን ይጥላል፤ ከብት ለማሻገር ብሎ የሚገባ ወጣት በየክረምቱ የሚሞተው በዚህ ነው።

ጉድጓዱን አታፍርሱ፤ ግን የሁለት ወይም የሦስት ወር ቀለብና ዘር ለብቻው ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ይቀመጥ። በደንብ የደረቀ እህል ከሆነ ሁለት ላስቲክ በውስጡ ያለው ፒክስ የሚባለው ከረጢት ጥሩ ነው፤ አየር ስለማያስገባ ነቀዝን ያለ መድኃኒት ይገድላል። የጤፍና የሽምብራ ዘርም ይያዝ፤ በሚያዝያና በግንቦት የተዘራውን ማሽላ ጎርፍ ቢወስደው በሐምሌ ጤፍ፣ ዝናቡ ሲገባደድ ሽምብራ መዝራት ይቻላልና። የመሬት ይዞታ ደብተር፣ መታወቂያና የጤና መድን ካርድ በድርብ ፌስታል ተቋጥረው በማገሩ ላይ ሳይሆን ሰው ሲወጣ እጁ በሚደርስበት በበሩ አጠገብ ይሰቀሉ። ጎርፍ የገባበትን የጉድጓድ ውሃ ሳታፈሉ ወይም ውሃ አጋር የተባለውን የውሃ ማከሚያ ሳትጨምሩበት አትጠጡ።

ጥያቄ፦ በ2017 ዓ.ም. ስለ ፈንታሌ የመሬት መንቀጥቀጥ ከሰማን ወዲህ ልጆቹ ይፈራሉ። እኛንስ ይመለከተናል? *አባት፣ ከከሚሴ*

መልስ፦ ይመለከታችኋል። ከእናንተ ደቡብ በቅርብ ርቀት በ1953 ዓ.ም. የደረሰው የካራ ቆሬ መንቀጥቀጥ የማጀቴ ከተማን አፍርሷል። መሬት ሲነቃነቅ የሚደረገው እንደ ቤቱ ይለያያል። ፎቅ በሌለው የድንጋይና የጭቃ ቤት ውስጥ በር አጠገብ ያለ ሰው ወዲያው ወደ ሜዳ ይውጣ፣ ከግድግዳም ይራቅ። ፎቅ ላይ ያለ ሰው ግን ወደ ደረጃ አይሩጥ፤ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ የጠረጴዛውን እግር ይያዝ። ዛሬ ማታ ማድረግ የምትችሉት ነገርም አለ፤ ልጆቹ የሚተኙበትን መደብ ዙሪያ ተመልከቱ፣ ከራስጌያቸው በላይ ወፍጮ ድንጋይ፣ እንስራ ወይም የተቆለለ ሣጥን ካለ አውርዱት።