ትንሽ ጥያቄ ጠይቁ

ልጆች፣ እንዴት ናችሁ?

ከ30 ዓመት በላይ ሥራዬ ሰው መጠየቅ ነበር። ስቱዲዮ ውስጥ፣ ማይክሮፎን በመሀላችን አድርጌ፣ ከማላውቀው ሰው ጋር ማውራት። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ሰሞኑን ግን ከእናንተ እኩዮች ጋር በተቀመጥኩ ቁጥር አንድ ነገር እሰማለሁ፤ «ከሰው ጋር ወሬ መጀመር አልችልም» ትሉኛላችሁ። ሰላምታ አለ፣ «ደህና» አለ፣ ከዚያ ዝም። ስልክ ይወጣል። በቃ። ይህ ነገር ከልቤ ስላሳሰበኝ ነው የምጽፍላችሁ።

«ምን ብዬ ልጀምር?» ለሚለው መልሴ አጭር ነው። ትንሽ ጥያቄ ጠይቁ። የጨዋታ ጥያቄ። «በልጅነትህ ከምንም በላይ የምትፈራው ምን ነበር?» «በራስሽ ገንዘብ መጀመሪያ የገዛሽው ነገር ትዝ ይልሻል?» «ጊዜን ወደ ኋላ መመለስና ወደ ፊት መዝለል ቢፈቀድልህ የቱን ትመርጣለህ?» እንዲህ ያሉትን። ብዙ ሰው ይንቃቸዋል፣ የሥራ ፈት ወሬ ያደርጋቸዋል። እኔ ግን በሥራ ዘመኔ ሁሉ ሰውን እንደነሱ የሚከፍት ነገር አላገኘሁም። ቋንቋችንም ይህን ሳያውቀው አልቀረም። «እስቲ እንጫወት» ስንል እናውራ ማለታችን ነው። ወሬውም ጨዋታ፣ ጨዋታውም ጨዋታ።

ይህን ያስተማሩኝ አንድ አናጺ ናቸው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ዕድሜያቸው የገፋ ሰውዬ እንግዳ አድርጌ አቀረብኩ። ሌሊቱን ጥያቄ ስጽፍ ነው ያደርኩት። ትልልቅ ጥያቄዎች። «ሕይወትዎን እንዴት ይገልጹታል?» አልኳቸው። «ያው፣ ተመስገን ነው» አሉ። «ከዚህ ሁሉ ዓመት ሥራ ምን ተማሩ?» «ኧረ ብዙ ነገር» አሉና ዝም። ወረቀቴ ላይ የቀሩትም ጥያቄዎች ሁሉ የእነዚሁ ወንድሞች ነበሩ። ላብ በላብ ሆንኩ። ሙዚቃ ገባና ማይክሮፎኑ ተዘጋ። ያን ጊዜ ዝምታው ስለከበደኝ ብቻ «የመጀመሪያ መዶሻዎ ትዝ ይልዎታል?» አልኳቸው።

ሳቁ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን አዩት፤ መዶሻው እዚያ ያለ ይመስል። እጀታው የተሰነጠቀ ነበር አሉ። አባታቸው በሽቦ ጠምጥመው ነው የሰጧቸው። የሽቦው ጫፍ ወጣ ያለ ስለነበር እዚህች ጋ፣ አውራ ጣታቸው ሥር፣ ይቧጭራቸው ነበር። «ታዲያ ለምን አላስተካከሉትም?» ስላቸው «አባቴ ያሰሩት ነዋ፣ እንዴት ብዬ እፈታዋለሁ» አሉኝ። አባትየው በዚያው ዓመት ነው የሞቱት። እሳቸውም ሽቦውን ሳይነኩ፣ እየተቧጨሩ፣ እጀታው እስኪያልቅ ሠሩበት። ሙዚቃው አልቆ ማይክሮፎኑ ሲከፈት እኔ ከወረቀቴ ላይ የሚቀጥለውን ጥያቄ አነበብኩ። ልጅ ነበርኩ፣ አልገባኝም። ያ የሽቦ ታሪክ አድማጭ ጆሮ ሳይደርስ መቅረቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ትልቁ ጥያቄ ሰውየውን ዳኛ ያደርገዋል። ዕድሜውን ሙሉ ሰብስቦ፣ መዝኖ፣ ፍርድ እንዲሰጥ ይጠይቀዋል፤ ያውም ሰው ፊት። ማን ይችላል? ትንሹ ጥያቄ ግን አንድ ነገር እስቲ እይልኝ ነው የሚለው። ትዝታ ደግሞ በዕቃ፣ በቦታ፣ በጠረን፣ በአንድ ቀን ዝናብ ተጠምጥሞ ነው የሚቀመጠው። «ስለ አባትዎ ይንገሩኝ» ብላቸው ኖሮ «ጥሩ ሰው ነበሩ» ብለው ያልፉ ነበር። መዶሻውን ስጠይቃቸው ግን አባትየው ከነሽቦአቸው መጡ።

የጨዋታ ጥያቄ ሌላም ደግነት አለው። ሰው የፈለገውን ያህል ብቻ ገብቶ መውጣት ይችላል። «ምን ትፈራ ነበር?» ስትሉት «ጨለማ» ብሎ ስቆ ማለፍ መብቱ ነው። ወይም ለማንም ያልነገረውን ሊነግራችሁ ይችላል። በሩን ትከፍታላችሁ እንጂ አትጎትቱትም።

አርተር አሮን የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተመው ጥናት አለ። የማይተዋወቁ ሰዎችን ሁለት ሁለት አድርገው አስቀምጠው ለ45 ደቂቃ ያህል አጠያየቋቸው። ጥያቄዎቹ 36 ናቸው፤ ቀለል ካለው ጀምረው እያደር ይጠልቃሉ። ለሌሎቹ ጥንዶች የተሰጣቸው ተራ የትውውቅ ወሬ ነበር። በመጨረሻ የመጀመሪያዎቹ ይበልጥ ተቀራርበው ተገኙ። ሰው ይህን ጥናት የፍቅር መድኃኒት አድርጎ ያወራዋል። እኔ የምወደው ግን አንድ ሌላ ነገሩን ነው፤ እያንዳንዱን ጥያቄ ሁለቱም ይመልሱታል። ጠያቂና ተጠያቂ ተብሎ ነገር የለም። እናንተም ስለ ፍርሃት ከጠየቃችሁ የራሳችሁን ፍርሃት ለማውጣት ተዘጋጁ። «አንተስ?» ሲሏችሁ «እኔማ ምንም» የምትሉ ከሆነ ባትጠይቁ ይሻላል፤ ያ ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ ምርመራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የመጀመሪያው ጥያቄ ያን ያህል አስፈላጊ አይደለም። ዝርዝር ይዞ መምጣት ማንም ይችላል፣ ስልካችሁም ላይ ሞልቷል። ሥራው ያለው ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ከዝርዝር አይገኝም፣ ሰውየው አሁን ከተናገረው ውስጥ ነው የሚወጣ። «አያቴ ቤት የነበረውን ደረጃ እፈራ ነበር» ካለች ቀጣዩ ጥያቄ ስለምትወደው ቀለም መሆን የለበትም። ደረጃው ነው። ጨለማ ነበር? ይንቋቋል? ስንተኛው ላይ ስትደርስ ነው የምትሮጠው? የሃርቫርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት ብዙ የሚጠይቁ ሰዎች፣ በተለይ ከተነገራቸው ተነስተው የሚጠይቁ፣ በሌላው ወገን ይበልጥ ተወደው ተገኝተዋል። አይገርመኝም። ከተነገረን ተነስተን ስንጠይቅ «ሰምቼሃለሁ» ማለታችን ነው።

ስለ «ለምን» ላስጠንቅቃችሁ። በእኛ አነጋገር «ለምን?» ቶሎ ክስ ይመስላል። «ብቻዬን መጓዝ እመርጣለሁ» ላለ ሰው «ለምን?» ብትሉት ጠበቃ ሆኖ ይከራከራችኋል። «እንዴት ሆኖ?» በሉት። «ምን ገጥሞህ ነው?» በሉት። ወይም «እህ?» ብቻ። ይህቺን «እህ» አትናቋት፤ እኔ ከጻፍኳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ይልቅ ብዙ ታሪክ ያወጣችልኝ እሷ ናት። አስተያየት ስትጠይቁ ደግሞ ለመርታት አትቀመጡ። «ማታ መሥራት ይሻላል ወይስ ንጋት?» ብላችሁ ጠይቃችሁ የንጋትን ጥቅም ልታስተምሩት ከሆነ የጠየቃችሁት ለወግ ነው።

ከዚያ ዝም በሉ። ይህ ለእኔ ከሁሉም ከባዱ ነበር። ሜሪ ባድ ሮው የምትባል የትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አስተማሪዎች ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁትን ጊዜ ለካች። አንድ ሰከንድ ገደማ ሆነ። ወደ 3 ሰከንድ ከፍ ሲያደርጉት የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም ብለው የሚቀሩትም ቀነሱ። ሦስት ሰከንድ ምን አላት ትሉ ይሆናል። ስቱዲዮ ውስጥ ዘላለም ናት። እኔ ከጠረጴዛው ሥር በጣቴ ጉልበቴን እየነካሁ እቆጥር ነበር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ብዙ ጊዜ ሰውየው አንዴ መልሶ የጨረሰ ይመስልና፣ ሦስት ላይ ስደርስ «እንዲያውም…» ብሎ ይጀምራል። ከ«እንዲያውም» በኋላ ያለውን ነው የምትፈልጉት።

አጠያየቃችሁም ንጹሕ ይሁን። ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ጥናት ለሰዎች የመኪና አደጋ ፊልም አሳዩ። ለ50ዎቹ መኪኖቹ «ሲጋጩ» ምን ያህል ይፈጥኑ ነበር አሏቸው፤ ለሌሎች 50ዎቹ ደግሞ «ሲደቃቁ» በሚል ኃይለኛ ቃል ጠየቋቸው። ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችሁ ነበር?» ሲባሉ ከመጀመሪያዎቹ 7ቱ፣ ከሁለተኛዎቹ 16ቱ አዎ አሉ። ፊልሙ ላይ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። አንድ ቃል ይህን ካደረገ «አባትህ ኃይለኛ ነበሩ አይደል?» የሚል ጥያቄ በሰው ትዝታ ላይ ምን እንደሚሠራ አስቡት። «አባትህ ሲቆጡ ምን ያደርጉ ነበር?» ይሻላል። «አባትህ ከሥራ ሲመለሱ መጀመሪያ ምን ያደርጉ ነበር?» ደግሞ ከሁሉም ይሻላል።

አንድ ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። ወጣቶችን ሰብስቤ ሥልጠና ስሰጥ «ያደጋችሁበትን ቤት በር ግለጹልኝ» አልኩ፣ በየተራ። ሁሉም እየሳቀ ገለጸ። አንዷ ጋ ሲደርስ አንገቷን ደፋች። ቤቷን ያጣችው በልጅነቷ እንደሆነ በኋላ ነው የሰማሁት፤ እንዴት እንዳጣችው እዚህ አልጽፍም፣ የእሷ ነው። ክፋት አልነበረብኝም፣ ግን ማምለጫ አላዘጋጀሁላትም። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው ሳይጀመር «ይለፈኝ ማለት ይቻላል፣ ምክንያት አይጠየቅም» እላለሁ። መጀመሪያ «ይለፈኝ» የምለውም እኔ ነኝ፤ ሌላው ሲፈልግ እንዳያፍር።

ትልልቅ ሰዎችን ደግሞ ጠይቁ። እባካችሁ። «አንድ የጨዋታ ጥያቄ ልጠይቅዎት?» ብላችሁ ፈቃድ ጠይቁና ጀምሩ። የምትጠይቁትንም ልንገራችሁ፤ በእናንተ ዕድሜ ሳሉ የነበረውን። የትዝታ አጥኚዎች ደጋግመው ያዩት ነገር ነው፤ ዕድሜው የገፋ ሰው ስለ ሕይወቱ ሲጠየቅ ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ባለው ጊዜ የሆነው ነገር ከሌላው ይበልጥ ይመጣለታል። እናንተ አሁን ያላችሁበት ዕድሜ ማለት ነው። እነሱ ጥርት አድርገው የሚያስታውሱት እናንተ እየኖራችሁት ያለውን ነው። ከዚህ የተሻለ መገናኛ የት ይገኛል? ግን አታርሟቸው። «ያኔ እኮ እንዲህ አልነበረም» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ምሽቱን ትዘጋዋለች።

እኔ ራሴ በዚህ ዘግይቻለሁ። ስንት እንግዳ ጠይቄ እናቴን አልጠየቅኳትም። አንድ ቀን፣ ዓይኗ ደከም ካለ በኋላ፣ አጠገቧ ቁጭ ብዬ «እማዬ፣ ልጅ ሆነሽ የምትደበቂበት ቦታ ነበረሽ?» አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም። ጉልበቴን እየነካሁ መቁጠር ጀመርኩ። ከዚያ እጇን ዘርግታ ጠረጴዛው ላይ በጣቷ መሣል ያዘች። ይህ በሩ ነው፣ አለች። ይህ መስኮት። እዚህ ትልቅ ሳጥን አለ፣ ከሳጥኑና ከግድግዳው መሀል ለአንድ ልጅ የምትሆን ክፍተት አለች። ጣቷ እዚያች ክፍተት ላይ ቆመ። እናቷ ሲያለቅሱ ያየቻቸው እዚያ ሆና ነው፤ እሳቸው ግን አላዩአትም። ይህን ነግራኝ አታውቅም ነበር፤ አያቴ ሲያለቅሱ የሚታዩ ሰው አልነበሩም።

ትንሽ ቆይታ ጣቷን አነሳችና «አንተስ የት ነበር የምትደበቀው?» አለችኝ።

ከአልጋሽ ሥር፣ አልኳት፣ ወደ ግድግዳው በኩል።

«አውቃለሁ እኮ» አለች። «እግርህ ይታይ ነበር። ሌላ ሌላውን ቦታ ነበር እየዞርኩ የምፈልግህ።»