«ደርሷል» ተብሎ ያልደረሰ ዕቃ፦ በሰሜን ሸዋ ስለ ቤት ለቤት ዕቃ አድራሾች ጥያቄና መልስ

የሚከተሉት ጥያቄዎች ከደብረ ብርሃን፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከመሐል ሜዳ፣ ከደብረ ሲናና ከሞላሌ የቀረቡልኝ ናቸው። እኔ ሥራ የጀመርሁት ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን በሚመላለስ አውቶቡስ ረዳትነት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ በአንድ የዕቃ ማድረሻ ድርጅት መጋዘን ውስጥ መዝጋቢና አከፋፋይ ሆኜ ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ ስለዚህ የተቀባዩንም ምሬት፣ የሾፌሩንም መሐላ ከቅርብ ሰምቻለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ሕግ የምጠቅሰው ለአንድ ባለ ዕቃ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ)፦ ጋሼ፣ ከአዲስ አበባ ያዘዝሁት የእጅ ስልክ «ደርሷል» የሚል መልእክት ከትናንት በስቲያ መጣልኝ፤ እኔ ግን ምንም አልተረከብሁም። ሾፌሩ ስደውልለት «ለዘበኛው ሰጥቻለሁ» ይላል፤ በግቢያችን ዘበኛ የሚባል ሰው ኖሮ አያውቅም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከሾፌሩ ጋር የያዙትን ክርክር ያቁሙና ገንዘብዎን የተቀበለውን ወገን ይያዙ። እርስዎ የተዋዋሉት ከሻጩ ጋር ነው፤ ሻጩ ደግሞ ከአድራሹ ድርጅት ጋር ተዋውሏል፤ ሾፌሩ የድርጅቱ ሠራተኛ ነው እንጂ ከእርስዎ ጋር ውል የለውም። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው፤ ሳምንት ሙሉ ከሾፌሩ ጋር በስልክ ሲጨቃጨቅ ይሰነብትና ሻጩ ዘንድ ሲደርስ «እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልክ?» ተብሎ ይመለሳል። ስለዚህ ዛሬውኑ ለሻጩ «ዕቃው ደርሷል ተብሎ ተመዝግቧል፤ እኔ ግን አልተረከብሁም» ብለው በጽሑፍ ይላኩ፤ ቀንና ሰዓት ያለው አንድ መልእክት ከብዙ የስልክ ጥሪ ይበልጥ ይጠቅምዎታል። ከዚያም ዕቃው በስንት ሰዓት እንደተሰጠ፣ ማን እንደፈረመና የርክክቡ ፎቶግራፍ የት እንዳለ ይጠይቁ። ፎቶግራፍ ካለ በሩን አይተው የራስዎ መሆን አለመሆኑን ይለያሉ።

ይህን ስል ሾፌሩን ሌባ ነው ማለቴ አይደለም። አድራሻችን «ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ አረንጓዴው በር» የሚል ሆኖ ሳለ፣ በአንድ ሰፈር ውስጥ አረንጓዴ በር ስንት እንደሆነ ቆጥሮ የሚያውቅ የለም፤ ዕቃው ሳይጠፋ ሁለት ቤት አልፎ ጎረቤት ዘንድ ተቀምጦ የተገኘበትን ጊዜ ደጋግሜ አይቻለሁ። ሌላም ነገር አለ። እኔ በሠራሁበት መጋዘን ሾፌሮች የሚከፈላቸው በቀን ባደረሱት ዕቃ ቁጥር ስለነበር፣ አንዳንዱ ሲመሽበት የቀሩትን ዕቃዎች «ደርሷል» ብሎ ይዘጋና በማግስቱ ጠዋት ያደርሳቸው ነበር። ይህ ውሸት ነው፤ ስርቆት ግን አልነበረም። የእርስዎ ጉዳይ ሁለት ቀን ስላለፈው በዚህ መንገድ ለመተርጎም ዘግይቷል፤ ጽሑፉን ሳይውሉ ሳያድሩ ይላኩ።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ)፦ ሞተረኛው ገና መንገድ ላይ ሆኖ «በስልክሽ የመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ንገሪኝ፣ እዚያ ስደርስ ኔትወርክ ላይኖር ይችላል» አለኝ። ብሰጠው ምን ይሆናል?

መልስ፦ ልጄ፣ ያ ቁጥር ፊርማሽ ነው። ባልተረከብሽው ዕቃ ላይ እንደማትፈርሚ ሁሉ ዕቃውን በእጅሽ ይዘሽ ሳታዪ ቁጥሩን አትንገሪ። ኔትወርክ የማይኖር ከሆነ ቁጥሩን በወረቀት ጽፈሽ ይዘሽ ውረጂና በሩ ላይ አንብቢለት።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ የምግብ መፍጫ ማሽን አዝዤ ካርቶኑ ሙሉ ሆኖ መጣ፤ ማታ ስከፍተው ውስጡ አሮጌ ማሽን ነው። ሻጩ «እኛ አዲስ ልከናል» ይላል፣ ሾፌሩ «የታሸገ ነው ያመጣሁት» ይላል። እውነቱ የት ጋ እንዳለ እንዴት ይታወቃል?

መልስ፦ ማታ ከከፈቱት በኋላ ማወቅ አስቸጋሪ ነው፤ ነገር ግን ካርቶኑን ከጣሉት የበለጠ አስቸጋሪ ይሆናል፤ ስለዚህ አይጣሉት። ካርቶን የሚከፈተው ሁልጊዜ ከላይ እንዳይመስልዎ። ልማደኛ የሆነ ሰው ታችኛውን ክፍል ከፍቶ ዕቃውን ይለውጥና በመጀመሪያው ፕላስተር ላይ ሌላ ፕላስተር ደርቦ ይለጥፋል። ካርቶኑን ገልብጠው ታችኛውን ፕላስተር በጥፍርዎ ይሞክሩት፤ ከሥሩ ሌላ የተቆረጠ ፕላስተር ካለ፣ ወይም የካርቶኑ ወረቀት ከፕላስተሩ ጋር ተልጦ የነጣ መስመር ካለ፣ ካርቶኑ መንገድ ላይ ተከፍቷል ማለት ነው። እነዚህ ምልክቶች ከሌሉ ጥርጣሬዎን ወደ ሻጩ መጋዘን ያዙሩት። ብዙ ካርቶኖች ላይ የዕቃው ክብደት በኪሎ ታትሟል፤ ላኪው ሲያስረክብ የተመዘነበት ሰነድ ካለ ደግሞ ሁለቱን ቁጥሮች ማነጻጸር ነው። በኛ መጋዘን አንድ ጊዜ ከተላከበት ክብደት በሁለት ኪሎ ጨምሮ የደረሰ ካርቶን ገጥሞናል፤ በማሽኑ ፈንታ የገባው ድንጋይ ከማሽኑ ይከብድ ነበር። ሌባው ሚዛን የለውም ብለን ሳቅን፤ ባለ ዕቃው ግን አልሳቀም።

ለወደፊቱ፣ ዋጋ ያለው ዕቃ ሲመጣ አድራሹ ቆሞ እያለ ይክፈቱ፤ የካርቶኑን ስድስቱንም ፊት በስልክዎ ቪዲዮ ካነሡ በኋላ ሳያቋርጡ እየቀረጹ ይክፈቱት። አድራሹ «ሥራ ይጠብቀኛል፣ አልቆምም» ካለ ከእርሱ ጋር አይጣሉ፣ አይከራከሩ፤ በመረከቢያው ላይ ከፊርማዎ በላይ «ሳይፈተሽ የተረከብሁት» ብለው ይጻፉና የዚያን ወረቀት ፎቶ ያስቀሩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2291 ገዢው ዕድሉን እንዳገኘ የገዛውን ዕቃ መመርመር እንዳለበት ይናገራል፤ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ መልሶ ሌላ እንዲተካለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ለሸማቹ ሰጥቷል። ስለዚህ ሻጩ «ከመጋዘን ከወጣ አይመለስም» ቢልዎ ቃሉ እውነት የሚሆነው እርስዎ ዝም ካሉ ነው። አቤቱታውን የሚቀበለው የከተማው ወይም የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ደረሰኝ ከሌለዎ ግን የመጀመሪያው ጥያቄያቸው እርሱ ይሆናል።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ ለሱቄ የማመጣው ቅባትና ሎሽን በየጊዜው ክዳኑ ፈንጥሮ፣ ካርቶኑ ቅባት ጠጥቶ ይደርሰኛል። ሾፌሩ ጭነቱን እየወረወረ እንደሆነ እርግጠኛ ነኝ። እንዴት ላስከፍለው?

መልስ፦ ቢወረውርም አልደነቅም፤ ነገር ግን ከመክሰስዎ በፊት መንገዱን ያስቡት። ዕቃው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣና ከዚያ ወደ 1,300 ሜትር አካባቢ ወደሚገኘው ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ከፍታ ላይ የውጭ አየር ስለሚሳሳ በጠርሙሱ ውስጥ የታሸገው አየር ይለጠጥና ክዳኑን ይገፋል፤ ደብረ ብርሃን ሲደርስ ተነፍቶ የምናየው የታሸገ ምግብ ምክንያቱ ይኸው ነው። ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ የቆላው ሙቀት ቅባቱን ያቀልጠዋል። በዚህ ምክንያት የፈሰሰ ዕቃ ካርቶኑ ሳይጨራመት፣ ጠርሙሶቹም ሳይሰነጠቁ በክዳን በኩል ብቻ የፈሰሰ ሆኖ ይገኛል። የተወረወረ ጭነት ግን የካርቶኑ ማዕዘን ይጨፈለቃል፣ ጠርሙስም ከጎኑ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ከሆነ ጥፋቱ የአሻጊው ነው፤ ላኪው ክዳኑን በፕላስተር እንዲያስር፣ እያንዳንዱን በፌስታል እንዲጠቀልልና ጠርሙሶቹ ሲጫኑ ወደ ላይ ቆመው እንዲሆኑ ይንገሩት። ሁለተኛው ከሆነ ዕቃውን ከመኪናው ሳያወርዱ ፎቶ ያንሡ፤ ምክንያቱም ካወረዱ በኋላ «ያንተ ጫኝና አውራጅ ነው የጣለው» ይባላል።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ ዕቃዬ ከአዲስ አበባ ከወጣ ዘጠኝ ቀን ሆነው። መጀመሪያ «መንገድ ተዘግቷል» ተባልሁ፤ አሁን ደግሞ «ከደብረ ብርሃን በሌላ መኪና ስለሚመጣ ለጫኝ ጨምር» ይሉኛል። መክፈል አለብኝ?

መልስ፦ ሁለቱን ነገሮች ይለያዩዋቸው። በናዳ ወይም በጸጥታ ምክንያት መንገድ ሲዘጋ አድራሹ ሊያደርገው የሚችለው ነገር የለም፤ ሕጉም ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል ለሚያመጣው መዘግየት ተዋዋዩን ተጠያቂ አያደርግም። ይሁን እንጂ መንገዱ ከተከፈተ በኋላ የሚያልፈው እያንዳንዱ ቀን የእርሱ ነው። ስለዚህ ከጣርማ በር ወደ መንዝ የሚታጠፈው መንገድ ከመቼ ጀምሮ ሕዝብ ማመላለሻ እንዳስተላለፈ በመናኸሪያው ጠይቀው ቀኑን ይመዝግቡ።

ጭማሪውን በተመለከተ ግን መልሴ «አይክፈሉ» ነው። በአዋጅ ቁጥር 547/1999 መሠረት አጓጓዡ ዕቃውን ከተረከበበት ጊዜ ጀምሮ ለተቀባዩ እስኪያስረክብ ድረስ ለጥፋቱ፣ ለጉዳቱና ለመዘግየቱ ኃላፊ ነው፤ በመሐል መኪና ቢቀያይር የራሱ ጉዳይ ነው። በማጓጓዣ ሰነዱ ላይ «መሐል ሜዳ» ተብሎ ተጽፎ ዋጋው ከተቆረጠ፣ ደብረ ብርሃን ላይ አዲስ ዋጋ የለም። ሰነዱ «ደብረ ብርሃን» ብቻ የሚል ከሆነ ግን ቀሪው መንገድ የእርስዎ ወጪ ነው፤ ብዙው ጠብ የሚነሣውም ይህን ቃል ሳያነቡ ከመፈረም ነው። የሚከፍሉት ነገር ቢኖር እንኳ በሾፌሩ የግል ስልክ ቁጥር በቴሌብር አይላኩ። ድርጅቱ የራሱ መለያ አለው፤ ሳይኖረው ቢቀር እንኳ ገንዘቡን ለማን እንደከፈሉ የሚያሳየውን ከ127 የሚመጣውን መልእክት አያጥፉት።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ዕቃዬን ያላመጣልኝን ሞተረኛ መንገድ ላይ አግኝቼው ቁልፉን ብቀማው፣ ወይም ፎቶውን «ሌባ» ብዬ ብለጥፍ ጥፋት ነው?

መልስ፦ ሁለቱም ጥፋት ነው። ቁልፉን ቢቀሙት ከሳሽ የነበሩት ሰው ተከሳሽ ይሆናሉ፤ ፎቶውን ቢለጥፉና ዕቃው ጎረቤት ቤት ቢገኝ ደግሞ የስም ማጥፋት ክስ ይጠብቅዎታል። የሞተሩን ሰሌዳ ቁጥር ይጻፉና ይሂዱ።

ጥያቄ (ከደብረ ሲና)፦ እኔ ራሴ አድራሽ ነኝ። እናንተ ሁሌ ስለ እኛ ታወራላችሁ፤ ዕቃውን ተረክቦ «አልደረሰኝም» የሚል፣ ለብሶ የመለሰውን ልብስ «ቀድሞም የተለበሰ ነበር» የሚል ደንበኛ የለም ወይ?

መልስ፦ አለ፤ በመጋዘንም ብዙ አይቻለሁ፤ ወንድሜ ልክ ብለሃል። አንተንም የሚያድንህ ያው መረጃ ነው፤ ካርቶኑን ከመጋዘን ስትረከብ ማዕዘኑንና ፕላስተሩን አይተህ ጉድለት ካለው ሳታስመዘግብ አትውጣ፤ ምክንያቱም ዝም ብለህ ከተረከብህ ጉድለቱ በአንተ ስም ይጻፋል። በር ላይ ስትደርስ ሰውየውን ሳይሆን ዕቃውንና በሩን በአንድ ፎቶ አንሣ፤ ሰዎች ፊታቸው ሲነሣ ይቆጣሉ፣ በራቸው ሲነሣ ግን እምብዛም አይቃወሙም። ደንበኛው «ክፈተው፣ ልይ» ሲልህ ዐሥር ደቂቃ ብታጠፋም ክፈትለት። በኔ ጊዜ ደንበኞች ስማቸውን እየጠሩ «እርሱ ያምጣልኝ» የሚሏቸው ሾፌሮች እንዲህ የሚያደርጉት ነበሩ።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ፖሊስ ጣቢያ ልሂድ ወይስ ፍርድ ቤት? ፖሊስ «የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ብሎ መለሰኝ።

መልስ፦ ፖሊስ እንዲህ የሚልዎ ብዙ ጊዜ «ዕቃዬ አልደረሰም» ብለው ስለሚጀምሩ ነው። ያልደረሰ ዕቃ የውል ጉዳይ ነው፤ ሻጩን ወይም ድርጅቱን በወረዳ ፍርድ ቤት መክሰስ ይቻላል። አድራሹ የተረከበውን ዕቃ ለራሱ እንዳደረገ የሚያሳይ ነገር ካለዎ ግን፣ ለምሳሌ ያው ስልክ በመለያ ቁጥሩ ገበያ ላይ ሲሸጥ ከተገኘ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 675 እምነት ማጉደል ይለዋል። በሐሰት ራሱን አድራሽ አድርጎ አቅርቦ ገንዘብ የወሰደ ሰው ደግሞ በአንቀጽ 692 በአታላይነት ይጠየቃል። አቤቱታዎን በእነዚህ ቃላት፣ በቀን ቅደም ተከተል፣ በአንድ ገጽ ጽፈው ከመልእክቶቹ ቅጂ ጋር ያቅርቡ። የስልኩን መለያ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ያገኙታል፤ ካርቶኑም ከሌለ ከሻጩ ደረሰኝ ላይ። በአነስተኛ ገንዘብ ጊዜ ግን ሽምግልና ይሻላል ባይ ነኝ፤ የሁለት ሺህ ብር ዕቃ ለማስመለስ ስድስት ቀጠሮ የተመላለሰ ሰው አውቃለሁ።

ጥያቄ (ከሞላሌ)፦ እናቴ ለታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ድረስ ቅቤና አንድ ባና (ከበግ ጠጉር የተሠራ ብርድ ልብስ) በአውቶቡስ ረዳት በኩል ትልካለች። ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም፤ ባለፈው ቅቤው ጎድሎ ደረሰ። እናቴ ደግሞ «ሰውን እንዴት አላምንም» ብላ ሌላ መንገድ አትቀበልም።

መልስ፦ እኔም ረዳት በነበርሁ ጊዜ የእንዲህ ያሉ እናቶችን አደራ ተሸክሜአለሁ፤ ስለዚህ ማመናቸውን አልነቅፍም። ያለ ደረሰኝ የተሰጠ ዕቃም ቢሆን አደራ ነው፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉም አደራ ተቀባይ የተረከበውን ጠብቆ የመመለስ ግዴታ አለበት። የሚያስቸግረው ማስረዳቱ ነው። ስለዚህ ረዳቱ ቅቤውን ሲረከብ በመናኸሪያው ተራ አስከባሪ ፊት ይሁን፤ የአውቶቡሱን ሰሌዳ ቁጥር፣ የረዳቱን ስልክና የተነሣበትን ሰዓት እርስዎ ለወንድምዎ በመልእክት ይላኩለት፤ ረዳቱም ይህ መልእክት እንደተላከ ይወቅ። ቅቤው ከመነሣቱ በፊት ከነዕቃው ይመዘንና ኪሎው በዚያው መልእክት ውስጥ ይጻፍ። ለረዳቱ የሚሰጠው ገንዘብም መነሻ ላይ ሳይሆን አዲስ አበባ ላይ፣ ወንድምዎ መዝኖ ሲረከብ ይሁን። ባናውን የሚከቱበትን ማዳበሪያ አፉን እናትዎ ራሳቸው በቀይ ክር ይስፉት፤ የስፌቱን ቁጥር ወንድምዎ ይወቀው። ድሮ የላኩልን እናቶች ሁሉ እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ እኛም ረዳቶቹ ያንን ክር ስናይ ማዳበሪያውን ጎን አናደርገውም፣ ከሾፌሩ ኋላ ነበር የምናስቀምጠው።